የተረፈ ቀጠሮ

ወንድሜ የካንሰር ክትትል ቀጠሮዬን ለአለቃው ሚስት ሰጣት። ሳይጠይቀኝ። ቤት ቀብቶ የተረፈውን ቀለም ለጎረቤት እንደሚሰጥ ሰው፣ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሞ ለእማዬ ሲነግራት ነው የሰማሁት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ የሰው ሳሎን መጋረጃ ጀምሬ ባለቤቶቹ እየጠበቁኝ ነው። ክር ልቀይር ብዬ እግሬን ከመርገጫው ባላነሳ ኖሮ በመኪናው ጩኸት ምንም አልሰማም ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ካርዴን ስፈልግ መሳቢያ ስገለብጥ እውል ነበር። ቀኑ ደግሞ ዛሬ ነው።

«ካርዱን ትናንት ወሰድኩላቸው» ይላል። «እትዬ ፊታቸውን ማድያት ወርሶታል፣ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ የቆዳ ሐኪም ለማግኘት አምስት ወር ጠብቁ ተብለዋል። እዚህ ቤት ደግሞ ካርዱ ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።»

«እሷስ?» አለች እማዬ።

«እሷ ምን ሆነች? ድናለች እኮ!»

እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ካለች «ይሁን» ማለት ነው።

እኔ የዳንኩት በድግስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቀኝ እግሬ ተረከዝ ሥር ጥቁር ነገር ወጣ። መርገጫው ነው አልን፣ ጫማው ነው አልን፣ ቆሻሻ ነው ብለን በድንጋይ ፈገፈግነው። ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቆረጡልኝ፣ ከጭኔ ቆዳ ገፈው ጉድጓዱ ላይ ለጠፉበት፣ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ «ለጊዜው ንጹህ ነሽ፤ አምስት ዓመት ግን በየስድስት ወሩ ትታያለሽ» አለ። ወንድሜ «ንጹህ» የምትለዋን ይዞ ወደ ቤት ሮጠ፤ «ለጊዜው» የምትለዋ እዚያው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ቀረች። በሳምንቱ ዘመድ ተጠራ፣ ወንበር ተከራየ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ እኔም አንድ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ስሳም ዋልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ቤት መሄድ የበሉትን ሰዎች መስደብ ሆነ። «አሁንም ትሄጃለሽ እንዴ?» ትለኛለች አክስቴ፤ «እንደ ደሞዝ ሆነብሽ እኮ!» የበሽታው ስም እቤታችን አይጠራም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ውስጥ እግሬን በየወሩ የማየው በር ቆልፌ ወለል ላይ ተቀምጬ በእጅ መስታወት ነው። እማዬ ካየችኝ አለቀልኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት አገኘሁ። ንፍፊት ማለት እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነው፤ ልጅ እንቅፋት ይመታዋል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ያሹታል፣ ይጠፋል። እኔን ግን እንቅፋት አልመታኝም። እንቅፋት የሚመታው የሚሄድ ሰው ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ደግሞም ሐኪሙ ካርዴ ጀርባ ላይ ሳይቀር ጽፎልኛል፦ ብሽሽትሽን ዳብሺ፣ ካበጠ ንገሪን። አያምም። አለማመሙ ነው ደስ ያላለኝ። ቀጠሮዬ ቀርቧል ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ ዝም አልኩ። ያ ቀጠሮ ነው እንግዲህ የተረፈው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ጋሼ፣ ካርዴን አምጣ።»

«ሰማሽ እንዴ?»

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«በይ አታካብጂው። ሌላ ቀን ይያዝልሻል። ሰውየው የንብረት ክፍል ኃላፊ ሊያደርገኝ ጫፍ ላይ ነው።» ሰውየው ጫፍ ላይ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን አለመውደቁ ይገርመኛል። «አንቺ እኮ ጤነኛ ነሽ! ታይተሽ ታይተሽ አላለቅሽም?»

«ልጄ» አለች እማዬ ወደ ምድጃው ዞራ፣ «በገዛ ጤናሽ ላይ አታሟርቺ።»

ንፍፊቱን እዚያው መናገር እችል ነበር። ግን ያኔ መጀመሪያ የነገርኳት ቀን እማዬ ከማልቀሷ ብዛት ጎረቤት ሁሉ ሊያጽናናት መጣ፤ እግሬን በፋሻ ጠቅልዬ ለአጽናኞቹ ሻይ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ያንን መድገም አቃተኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ወንድሜ «ደግሞ እዚያ ሄደሽ እትዬን እንዳታስቀይሚ!» ብሎ ጮኸብኝ።

የቆዳ ክፍሉ ኮሪደር እስከ ትከሻ አረንጓዴ፣ ከትከሻ በላይ ነጭ ነው። አረንጓዴው በሰው ጀርባ ተፈግፍጎ ከአግዳሚ ወንበሮቹ በላይ የሰው ጥላ የመሰለ ቅባት ይዟል፤ ስድስት ወር በስድስት ወር እየመጣሁ ሳየው ይወፍራል። ግድግዳው ላይ ጉንጩ የጠራ የሕፃን ፎቶ ተሰቅሏል፤ ለማን እንደሚያሳዩት አይታወቅም፣ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚያክ፣ የሚላጥ ወይም እንደኔ የተቆረጠ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሹፌሩ ጥግ ላይ ቦታ ይዞ ጠበቀኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው የኖረው ጆሮው ግማሹ በቢላ ሄዷል። ከቤተሰቤ ይልቅ እሱ ነው ቀጠሮዬን የሚያስታውሰው፤ ቀናችን አንድ ነው።

«መጣሽ? አልሞትሽም?»

«አንተን ቀድሜ? ነውር ነው።»

የወንድሜን ጉድ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ ወንድም የለኝ እንጂ የኔን ለሚስቱ ጥርስ ይሰጠው ነበር» አለ። «ሚስቴም ብትሆን አትሻልም። ‹እዚያ ሄደህ ከሴቶች ጋር ስታወራ ልትውል ነው› ብላ ነው የምትሸኘኝ።» ከዚያ ቦርሳዬን አየ፣ እግሬን አየ፣ «ደህና ነሽ ግን?» አለ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ሹፌር መንገድ ማንበብ ያውቃል፤ አልተጫነኝም።

ስም የምትጠራዋ ነርስ ጋ ሄድኩ። «ሲስተር፣ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ካርዱ ግን እጄ ላይ የለም።»

«ካርድ የሌለው አይታይም።»

«ካርዴ ሌላ ሰው ጋ ነው።»

«እንግዲያስ እሱ ሰው ይታያላ» አለች፤ ቀጣዩን ጠራች። የተናገረችው ስህተት አልነበረበትም። ስህተት የሌለበት ነገር ነው ሁልጊዜ የሚያደርቀኝ።

የአለቃው ሚስት ረፋድ ላይ መጣች። ጥቁር መነጽር፣ እስከ አገጭ የተጠመጠመ ሻርፕ፣ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ሽቶ። ወንበሩ ላይ ሶፍት አንጥፋ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከኔ ቀጥሎ። እጇ ላይ ካርዴን አየሁት። አንድ ጥጉ በካውያ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል፤ የኔ ካውያ ነው። እኔን አታውቀኝም። ከየት ታውቀኛለች፣ መጋረጃዋን የሰፋሁላት እኔ መሆኔን እንኳ ወንድሜ አልነገራትም፤ ከሱቅ ነው የተገዛው ብሎ ነው በስጦታ የሰጠው።

«ይቆያል እንዴ?» አለችኝ።

«ይቆያል።»

«አንቺ ምንሽን ነው?»

«እግሬን።»

«እኔ ፊቴን ነው። ካርዱ ላይ እንኳ ሌላ ነው የተጻፈው፤ ምንም አይደል፣ ሐኪም ሲያይ ያውቀዋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የራሴ አይደለም። የባለቤቴ ሠራተኛ እህት ናት፤ ተረከዟ ላይ ኪንታሮት ነበረባት አሉ፣ ድናለች። ደግ ልጅ! ‹እትዬ ከሚቸገሩ እኔ ልቅር› ብላ ራሷ ላከችልኝ።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅኩም። ራሴ ልኬላት ኖሯል። ደግ ልጅ ኖሬያለሁ። ኪንታሮት የምትለዋ ግን ቆየችብኝ፤ ወንድሜ ያን ሁሉ ወር አስታሞኝ፣ ፋሻውን ሲቀይሩ አይኑን ጨፍኖ አጠገቤ ቆሞ፣ ለአለቃው ሚስት ሲደርስ ኪንታሮት አደረገው። ጎበዝ ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ቆርጠው ያላሳነሱትን በአንድ ቃል አሳነሰው።

ስሜ ተጠራ። ከነአባቴ ስም። ሁለታችንም ተነሳን።

«አንድ ሰው ነው የጠራሁት» አለች ነርሷ።

«እህቴ ናት፤ አብረን ነን» አልኩና የአለቃውን ሚስት ክንድ ይዤ ገባሁ። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግን ሰው ፊት ተራዋን ለመልቀቅ የተፈጠረች ሴት ስላልሆነች ዝም ብላ ተራመደች።

ሐኪሙ አዲስ ነው። ያኛው ተቀይሯል፤ ይሄኛው ወጣት ነው፣ አይኑ ሥር የእንቅልፍ እዳ አለበት፣ ቀና ሳይል የኔን ወፍራም ፋይል እያገላበጠ «የቀኝ እግር። ጫማሽን አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ» አለ። የአለቃው ሚስት መነጽሯን አወለቀች፤ እኔ ጫማዬን። ቀና ሲል አንድ ፊትና አንድ እግር ቀርቦለታል።

«ከሁለታችሁ በሽተኛዋ የትኛዋ ናት?»

«እኔ» አልን።

«ዶክተር» አለች የአለቃው ሚስት፣ ከሰው ጋር ለመግባባት የለመደ ፈገግታ አምጥታ፣ «የካርዱ ባለቤት ድናለች። እኔ በእሷ ቦታ ነው የመጣሁት፤ ተነጋግረናል።»

«ከካንሰር ነው የዳነችው?» አለ ፋይሉን በጣቱ ይዞ።

ሴትየዋ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ በጥፍሯ ጫፍ አስቀመጠች፣ ሶፍት አወጣች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገች። «ኪንታሮት ነው ያሉኝ» አለች። ማንን እንደምትከስ ጠፍቷት ወደ ሕክምና አልጋው ነው የተናገረችው።

እኔ አልጋው ላይ ወጥቻለሁ። «ዶክተር፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቷል» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። የመስኮት ወርድ ለባለቤቱ እንደምናገረው ነው የወጣው፤ ከዚህ እስከዚህ፣ ጨርሻለሁ።

እጁን ታጠበ። ተረከዜን አየ፣ ጠባሳውን ጫነ፣ በጣቶቼ መሃል አየ፣ ከዚያ ብሽሽቴን ይዳብስ ጀመር። እንቅፋት መትቶሽ ነበር? አይ። እግርሽ ላይ ቁስል፣ የቆሰለ ጥፍር? የለም። መቼ ነው ያየሽው? ነገርኩት። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆየ። ሰው ጨርቅ ሲገዛ እንደዚያ ነው፤ ሐሰተኛ መሆኑን ሲጠረጥር አንዲት ቦታ ላይ ጣቱ ይቆያል። የአለቃው ሚስት ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ታነባለች።

«ዛሬውኑ በመርፌ ናሙና እንወስዳለን» አለ። «ምንም ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል። ሳታቋርጪ በመምጣትሽ ጥሩ አድርገሻል።» ወደድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሊሆንም ይችላል» ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ቤተሰብ ይኖራል? የሚይዛት ሰው» ሲል ነርሷ ከበሩ ላይ «እህቷ እዚህ ናት፤ ራሷ ነግራኛለች» አለች። የአለቃው ሚስት አፏን ከፈተች። እኔን አየች። እኔም አየኋት። እርዳታ አልሰጠኋትም። ነርሷ ወንበር ስባ ራስጌዬ አስቀመጠቻት፣ «ይያዟት፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለቻት። ሴትየዋ የእጄን አንጓ አዲስ ሶፍት ጣል አድርጋበት ያዘችኝ፤ ትኩስ ድስት እንደሚያወርድ ሰው።

መርፌው ሲገባ አጥብቄ ጨበጥኳት። ሶፍቱ ተቀደደ። እጇን ልትነጥቅ ሞከረች፣ አቃታት፣ ተወችው። ላብ አልቧታል። እንዲያም ሆኖ «ዶክተር» አለች ወደ ጣራው እያየች፣ «እዚያው እንዳሉ ፊቴንም አንዴ ቢያዩልኝ?»

መርፌውን ሳይነቅል ቀና ብሎ አያት። «የሚቀቡትን ያቁሙ። ፀሐይ ላይ አይውጡ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አምስት ወር የሚጠበቀው እሱ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ መነጽሯን መልሳ አጥልቃ ቆመች። የወጣንበት በር ሲዘጋ «አንቺ ነሽ እህቱ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«አንቺ አልላክሽውማ።»

«አልላክሁም።»

ትንሽ አሰበች። ስለ ወንድሜ የምታስብ መስሎኝ ነበር። «ይተላለፋል እንዴ?» አለች።

«አይተላለፍም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሚተላለፈው ቀጠሮው ብቻ ነው፣ እትዬ።»

ሄደች። ሽቶዋ ቆይቶ ተከተላት። እኔ እያነከስኩ ወደ ሹፌሩ ስደርስ ተራው ደርሶ ሊገባ ቆሟል። «ምን አለሽ?» አለኝ። ንፍፊት መሆኑን፣ ውጤቱ ማክሰኞ መሆኑን ነገርኩት። «እኔም አንዴ አንገቴ ላይ ወጥቶብኝ ነበር» አለ። «ምንም ሳይሆን ቀረ።» ቀልድ ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ገባ። ያኔ ነው የፈራሁት።

አውቶቡሱ ሞልቶ ቆሜ ሄድኩ። አንዲት ሴት አጠገቤ በስልክ ስለ ሽንኩርት መወደድ ታማርራለች፤ ስትጨርስ እኔንም «አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ «ነው» አልኳት፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የተስማማሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቤት ስደርስ ወንድሜ ከሥራ ሰዓቱ በፊት ገብቶ ሳሎን ተቀምጧል፣ ኮቱን አላወለቀም። ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ ድስት ታማስላለች፤ የሚማሰል ነገር ግን አልነበረውም።

«አዋረድሽኝ» አለ። «እትዬ እጃቸውን በአልኮል ሲታጠቡ ነው አሉ የዋሉት። አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ ‹ሚስቴን ካንሰር ክፍል ላክሃት› አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«አልላክሃቸውም እንዴ?»

«ኪንታሮት ነው ብዬ ነዋ! ታዲያ ምን ልበል? ስሙን ልጥራው?» ስልኩን አወጣ። «አሁን ደውይላቸው። ድኛለሁ፣ ንጹህ ነኝ፣ ለወጉ ነው የምሄደው በያቸው። አንድ ቃል ነው። እባክሽ እንዳታበላሺብኝ፣ የኔ እህት፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ዕድል አላገኝም።»

አይኑ እውነትም ፈርቷል። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ኮቱ ክርኑ ላይ አብረቅርቋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መጋዘን ቆልፎ ከፍቶ አንድ ቀን ቁልፉ የራሱ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። አዘንኩለት። አዝኜለትም አልደወልኩም።

«ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቷል» አልኩ። «ዛሬ በመርፌ ወሰዱ። ውጤቱ ማክሰኞ ነው።»

የእማዬ ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ቆመ። ወንድሜ እማዬን አየ፣ እማዬ ድስቱን።

«እንቅፋት ይሆናል» አለ ወንድሜ።

«ላይሆንም ይችላል።»

«ለማንም አልነገርሽም አይደል?» ሲል የገዛ ድምፁ አስደነገጠው መሰለኝ፤ ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ። «ሳይመሽ አለቃዬ ቤት ደርሼ ይቅርታ ብዬ ልምጣ» አለ። በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ፊቱን አላዞረም። «ማክሰኞ ነው ያልሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ የመጋዘን ቆጠራ አለብን» አለና ወጣ። በሩን አልወረወረውም። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ የተኛ ሰው ያለበት ቤት እንደሚዘጋ።

ስፌት መኪናዬ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። የሰዎቹ መጋረጃ ነገ መድረስ አለበት፤ የአንዱ ገበር ገና አልገባም። ጭኔ ላይ ዘረጋሁት፤ ግን መርፌው የገባበት እየጠዘጠዘኝ መርገጫውን መርገጥ አቃተኝ። እማዬ እሳቱን አጠፋች። ወደኔ ስትመጣ ይሰማኛል። ለቅሶዋን ጠበቅኩ። «እንቅፋት ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ መልስ አልነበረም። ያልተሰፉትን መጋረጃዎች ከወንበሩ ላይ አንስታ ጥግ ላይ አኖረች፣ ወንበሩን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደረቅ ነው፤ ደግማ ጠረገች። ስታየኝ አላያትም፣ ሳያት አታየኝም።

«የት ጋ ነው?» አለች።

መጋረጃውን ከጭኔ ላይ አነሳሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ አሳየኋት።